ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው

“ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው” ይላሉ አባቶቻችን። ብዙ ጊዜ የምንጠቅሰው ለሐሜት ነው። ሰፈሩ ሁሉ የሚያወራውን ነገር መጨረሻ ላይ የሚሰማው ራሱ ባለጉዳዩ ነዋ! እኔ ግን ዛሬ ተረቱን ቃል በቃል ልወስደው ነው። ስለ አንዲት ትንሽ ቆርቆሮ ልጽፍላችሁ ነው፤ የተናጋሪውን ድምፅ ለራሱ ለተናጋሪው ጆሮ የምታሰማ፣ በእጅ የተሠራች፣ ባትሪ እንኳ የማትለምን ሳጥን። ከእሷ ተነስቼ ስለ ሚዲያችን፣ ስለ ዲያስፖራው ጩኸት፣ ስለዚህ ቻናልም ጭምር የምለው አለኝ። ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ነገሩ ምንድን ነው?

አማተር ራዲዮ የሚባል ነገር አለ። ለገንዘብ ያልሆነ፣ ፈቃድ ባላቸው ግለሰቦች መካከል የሚደረግ የራዲዮ ግንኙነት ነው። ታክሲ ነጂው፣ ነርሷ፣ ጡረተኛው ፈተና ወስደው ሲያልፉ የጥሪ መለያ ይሰጣቸዋል። ከዚያ በኋላ ቤታቸው አንቴና ሰቅለው ሌላ አገር ካለ መሰላቸው ጋር ያወራሉ። በመለያው አገርህ ትታወቃለህ፤ የኢትዮጵያ ጣቢያዎች መለያ በተለምዶ “ኢቲ” ብሎ ይጀምራል። መሃል ላይ የስልክ ድርጅት የለም፣ ሰርቨር የለም፣ ወርሃዊ ክፍያ የለም። ድምፁ ከአንዱ ሽቦ ተነስቶ ወደ ሰማይ ይወጣል፤ አዮኖስፌር ከሚባለው የላይኛው የአየር ክፍል ታጥፎ ሌላው ሽቦ ላይ ይወርዳል።

እኔ የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። እዚህ የመጀመሪያው ደረጃ ፈተና 35 ጥያቄ አለው፤ 26ቱን የመለሰ ያልፋል። ሁለተኛው ደረጃም እንዲሁ። ደንቡ ግልጽ ነው፦ ስታወራ ቢያንስ በየ10 ደቂቃው መለያህን ትናገራለህ፤ ሙዚቃ አታሰማም፤ አትነግድበትም፤ ትርጉሙን ለመደበቅ በምስጢር ኮድ አታወራም። ማንም ራዲዮ ያለው ሰው ሊያዳምጥህ ይችላል። በአደባባይ ቆሞ እንደ ማውራት ነው።

“ምን አገባህ እዚያ ውስጥ?” ለሚለኝ መልሴ አጭር ነው። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ አብሮኝ የሚሠራ የትግራይ ልጅ ከእናቱ ጋር ሳይነጋገር ወራት ሲቆጥር አየሁ። በየምሳ ሰዓቱ ስልኩን ያወጣል፣ ይደውላል፣ መልሶ ኪሱ ይከተዋል። “አይዞህ” ከማለት ሌላ ምን እላለሁ? በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ ተራው የእኛ ሆነ። እናቴ ያለችበት የጎጃም ከተማ ኢንተርኔቱ ጠፋ፤ ስልኩ አንድ ቀን ይገባል፣ አራት ቀን አይገባም። ያኔ ነው “ማንም የማይዘጋው ነገር ምን አለ?” ብዬ መፈለግ የጀመርኩት። ፍለጋው ራዲዮ ላይ ጣለኝ።

ራዲዮው ከእናቴ ጋር አላገናኘኝም። ከሜሪላንድ እስከ ጎጃም ከ11,000 ኪሎ ሜትር በላይ ቢሆንም ለአጭር ሞገድ ይህ የሚያስፈራ ርቀት አይደለም። ችግሩ ሌላኛው ጫፍ ላይ ነው፤ በእናቴ ሰፈር አማተር የሚባል ሰው የለም። በአገራችን በዓለም ያሉ አማተሮች የሚያውቁት ጣቢያ አዲስ አበባ 5 ኪሎ፣ በቴክኖሎጂ ግቢው ያለው የአማተሮች ክበብ፣ ኢቲ3ኤኤ ነው። ተማሪዎቹ አየር ላይ ሲወጡ ከየአገሩ የሚጠራቸው ሰው ይጋፋል። ከአንድ ክበብ ውጭ ግን አገሩ በአማተሮች ካርታ ላይ ጸጥ ያለ ነው ማለት ይቻላል። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ጋሼ እና ቆርቆሮዋ

ራዲዮውን ያስተማሩኝ አንድ አዛውንት ናቸው። ስማቸውን ስለማይወዱት አልጽፈውም፤ ጋሼ እንበላቸው። በደጉ ዘመን ደብረ ዘይት አየር ኃይል ውስጥ የራዲዮ ቴክኒሻን ነበሩ። አሁን ጡረታ ላይ ናቸው፤ ምድር ቤታቸው ግን ጡረታ አልወጣም። በተፈታ ቴሌቪዥን፣ በአሮጌ የኮምፒውተር ስፒከርና በሽቦ ጥቅል የተሞላ ነው። ባለቤታቸው “ይኼን ቆሻሻ መቼ ነው የሚጥሉልኝ?” ይሏቸዋል። እሳቸው ደግሞ “ይኼ ቆሻሻ ነው ልጅ ያስተማረልሽ” ይላሉ።

ፈተናውን ባለፍኩ ማግስት ጋሼ ራዲዮ ግዛ አላሉኝም። “መጀመሪያ ጆሮ ሥራ” አሉኝ። ከዚያ ከከረሜላ ቆርቆሮ፣ ከአንድ ዳዮድና ከቅንጥብጣቢ ዕቃ አንዲት ሳጥን አሠሩኝ።

የሳጥኗ አሠራር እንዲህ ነው። ከቆርቆሮዋ የምትወጣ ግማሽ ሜትር የማትሞላ ሽቦ አለች። ሽቦዋ ወደ አንቴናው ከሚሄደው መስመር አጠገብ ትጋደማለች እንጂ አትነካውም። አስተላላፊው ሲሠራ አካባቢው በሞገድ ስለሚሞላ ሽቦዋ ከዚያ ላይ ትንሽ ትቀምሳለች። የቀመሰችውን ለዳዮዱ ትሰጣለች። ጋሼ የሰጡኝ 1ኤን34ኤ የሚባለውን የድሮ የጀርማኒየም ዳዮድ ነው፤ ጥቃቅን ሲግናል የሚያልፍበት ስለሆነ ለዚህ ሥራ ይመረጣል። ዳዮድ ማለት አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያስገባ በር ነው። ሞገዱ ወደላይም ወደታችም ሲወዛወዝ እሱ ግማሹን ያስገባል፣ ግማሹን በር ላይ ይመልሳል። ከኋላው ያለው ትንሽ ኮንደንሰር ፈጣኑን የሞገድ ንዝረት ያለሰልሰዋል። የሚተርፈው በሞገዱ ጀርባ ተጭኖ የሄደው ነገር ነው፦ የተናጋሪው ድምፅ። አንድ የሽቦ ጥቅል የኤሌክትሪኩን መመለሻ መንገድ ያሟላል፤ አንድ የቮልዩም ቁልፍ መጠኑን ይቆጣጠራል፤ ከዚያ ጆሮ ማዳመጫ። አለቀ።

ባትሪ የላትም። የምትሠራው ራሱ ድምፁ በተሸከመው ጉልበት ነው። የድሮው ባለ ከፍተኛ ኦህም ማዳመጫ ካለህ በቀጥታ ትሰማለህ፤ የዛሬው የስልክ ማዳመጫ ከሆነ ግን ድምፁ ስለሚያንስ ትንሽ ማጉያ ያስፈልጋል። ጋሼ ከተጣለ የኮምፒውተር ስፒከር ውስጥ ነቅለው ሰጡኝ። ደግሞም በጆሮ ማዳመጫ እንጂ በስፒከር አይሆንም። ለምን እንደሆነ ሰርግ ቤት ሞንታርቦ ፊት ማይክ ይዞ የቆመ ሰው ያውቃል፤ ድምፁ ተመልሶ ማይኩ ውስጥ ገብቶ ድንኳኑን በፉጨት ይሰነጥቀዋል።

ውሱንነቷንም ልናገር። ይህቺ ሳጥን የምታገለግለው ኤኤም በሚባለው የድሮው አይነት ስርጭት ነው። አሜሪካ ውስጥ እስከ ዛሬ በዚህ የሚያወሩ አማተሮች አሉ፤ 3.885 እና 7.290 ሜጋኸርዝ ላይ ምሽት ምሽት እንደ ዕድርተኛ ተሰብስበው ሲያወጉ ትሰሟቸዋላችሁ። አብዛኛው አማተር የሚጠቀምበት ሲንግል ሳይድባንድ ግን ተሸካሚውን ሞገድ አስቀርቶ ስለሚልክ በዚህች ሳጥን ቢሰማ የዳክዬ ጩኸት ነው የሚመስለው። ለእሱ ሌላ ተቀባይ ራዲዮ አጠገብህ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

አምስት ዘጠኝ

“ግን ለምን አስፈለገች? ሰዎቹ ድምፅህ እንዴት እንደሆነ አይነግሩህም ወይ?” ትሉኛላችሁ። እኔም ጋሼን የጠየቅኳቸው ይህንኑ ነው። ሳቁብኝ።

በአማተሮች ልማድ ሁለት ሰዎች ሲገናኙ ለእያንዳንዳቸው ውጤት ይሰጣጣሉ። የመጀመሪያው ቁጥር ከ1 እስከ 5 ነው፤ ንግግርህ ምን ያህል ይገባል የሚለውን ይነግራል። ሁለተኛው ከ1 እስከ 9 ነው፤ ሲግናልህ ምን ያህል ጠንካራ ነው የሚለው። ከሁሉ የሚበልጠው “59” ነው። በዓመት ውስጥ ብዙ ውድድሮች አሉ፤ ባጭር ጊዜ ብዙ ጣቢያ ያገኘ ያሸንፋል። ታዲያ በውድድር ጊዜ ማንም ከ59 ሌላ ውጤት አይሰጥም። ሰውዬው መለያህን ሦስት ጊዜ ያስደግምሃል፣ “አልሰማሁህም፣ ድገም” ይልሃል፣ በመጨረሻ “አመሰግናለሁ፣ 59 ነህ” ብሎህ ይሄዳል!

ይህ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን አዲስ ነገር ነው እንዴ? “እንዴት ነህ?” “ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን።” ሰውዬው ከሥራ ተባሯል፣ ልጁ ታሟል፣ የቤት ኪራይ ሁለት ወር ተከምሯል። “ደህና” ይላል። ጨዋነት ነው፤ አልነቅፈውም። ነገር ግን ከጨዋ ሰው አፍ የራስህን ድምፅ ትክክለኛ ውጤት አታገኝም።

ጋሼ የሚያወሩት አንድ ሰው አለ። ውድ ራዲዮ፣ ውድ ማይክሮፎን የገዛ ሰው። ኤኤም ላይ ከመጠን በላይ አጉልተህ ስትናገር የሞገዱ ጫፍ ይቆረጣል፤ ድምፅህ እንደተቀደደ ከበሮ ይሆናል፤ ፍርስራሹም ወደ ግራና ቀኝ ተረጭቶ ጎረቤት ሞገድ ላይ ያሉትን ይረብሻል። ሰውዬው ለዓመታት እንዲህ ነበር። ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አልነገረውም። “ግሩም ነው፣ 59!” ይሉታል፤ ከዚያ ሲሄድ ይስቁበታል። ያ ሰው ይቺን ሳጥን ሠርቶ መጀመሪያ ራሱን የሰማ ዕለት ማይክሮፎኑን አስቀምጦ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ አሉ። ከዚያ አንድ ቁልፍ ሩብ ዙር መለሰ። የጥገናው ወጪ ይኼው ነው።

ከማይኩ ወይስ ከአየሩ?

አሁን የጽሑፌ እምብርት ላይ ደርሰናል።

ዘመናዊ ራዲዮ “ሞኒተር” የሚል ቁልፍ አለው፤ ስትጫነው የራስህን ድምፅ ያሰማሃል። ጋሼ አይወዱትም። በብዙዎቹ ራዲዮዎች ይህ ድምፅ የሚቀዳው ከውስጥ ነው፤ ወደ መጨረሻው ማጉያና ወደ አንቴናው ሳይደርስ። እዚያ ቦታ ላይ ድምፅህ ገና ንጹሕ ነው። ብልሽቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ አንተ ማር የመሰለ ድምፅ ትሰማለህ፤ ዓለም የሚሰማው የተቀደደ ከበሮ ነው። ያውም ከመሣሪያ የተሰጠ ማረጋገጫ በእጅህ ይዘህ።

“ልጄ፣ ማይክሮፎንህን አታዳምጥ፤ አየርህን አዳምጥ” አሉኝ ጋሼ። “ጆሮህ ከአንቴናው ወዲያ ይሁን።”

ይህን ከሰማሁ ወዲህ ዜና ስሰማ ሌላ ነገር አይታየኝም። አንድ ባለሥልጣን መግለጫ ይሰጣል። መግለጫውን የራሱ ጣቢያ ያስተላልፋል። የራሱ ጣቢያ “መግለጫው በሕዝቡ ዘንድ ትልቅ ተቀባይነት አገኘ” የሚል ዜና ይሠራል። ባለሥልጣኑ ዜናውን ያያል፤ ይደሰታል። ይህ ከማይኩ የተቀዳ ሞኒተር ነው። አንቴናውን አልዞረም። ገበያ ውስጥ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ለቅሶ ቤት ውስጥ ሕዝቡ መግለጫውን እንዴት እንደሰማው የሚያሳውቅ ሽቦ የትም አልተዘረጋም።

ተቃዋሚውስ? ዲያስፖራውስ? እኛው ነን! እኔ ከምኖርበት ሰፈር በየሳምንቱ የሚያስተላልፉ ዩቲዩበሮች አሉ። ኮሜንቱን ታያላችሁ፦ “ጀግናችን!”፣ “ልክ ልካቸውን ነገርክልን!” ኮሜንት የሚጽፈው ቀድሞም የሚወደው ሰው ነው፤ የማይወደው ትቶት ሄዷል ወይም ብሎክ ተደርጓል። ይህም ከማይኩ የተቀዳ ነው። ጎንደር ወይም ነቀምቴ ያለችው እናት ያንን ንግግር ስትሰማ “ልጄን ሊያስገድለው ነው” ብላ እንደምትደነግጥ ተናጋሪው አይሰማም።

የቴሌግራም “ዕይታ” ቁጥርስ? እሱ የሚነግርህ ምን ያህል እንደደረሰ ነው። አማተሮችም ይህን የሚያዩበት መንገድ አላቸው። ለምሳሌ ኔዘርላንድስ ውስጥ የትዌንቴ ዩኒቨርሲቲ ማንም በኢንተርኔት ገብቶ የሚያዳምጥበት ተቀባይ ራዲዮ አለው፤ ከሜሪላንድ ተናግሬ እዚያ ደርሶ እንደሆነ ማየት እችላለሁ። ጥሩ ነገር ነው። ነገር ግን መድረስና መግባት ይለያያሉ። የተበላሸ ድምፅም ሩቅ ይደርሳል፤ እንዲያውም ብልሽቱን ብዙ ሰው ይሰማዋል ማለት ነው።

ራሱን የማይሰማ ይጮሃል

ኤቲየን ሎምባርድ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1911 ባሳተመው ጽሑፍ አንድ ቀላል ነገር አሳየ፦ ሰው እያወራ ሳለ ጆሮው ላይ ጫጫታ ብትለቅበት ሳያውቀው ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ጫጫታውን ስታቆመው ድምፁ ይወርዳል። ሰውዬው እንደጮኸ አያውቅም፤ እንደወትሮው ያወራ ይመስለዋል። እስከ ዛሬ በስሙ “የሎምባርድ ውጤት” ይባላል።

ስለ ፖለቲካችን ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አንብቤ አላውቅም። ሁሉም “ሌላው ስለጮኸ ነው የምጮኸው” ይላል። እውነቱን ነው! የሌላው ጩኸት ጆሮውን ስለሞላው የራሱን አይሰማም፤ የራሱን ስለማይሰማ ይጨምራል፤ እሱ ሲጨምር ሌላውም ይጨምራል። ማንም ክፉ መሆን አያስፈልገውም። ጆሮ ማጣት ይበቃል።

ሌላም አለ። የራሳችንን ድምፅ ተቀድቶ ስንሰማ ለምን እንደሚቀፈን ታውቃላችሁ? ስንናገር ድምፃችንን የምንሰማው በአየር ብቻ ሳይሆን በራሳችን አጥንትም በኩል ነው፤ አጥንቱ ወፍራሙን ድምፅ ይጨምርልናል። ስለዚህ ለራሳችን ሁልጊዜ ግርማ ያለን ይመስለናል። ሌላው የሚሰማው ያለ አጥንቱ ነው። ቀረርቶ የሚያሰሙ፣ የሚያንጎራጉሩ ሰዎች እጃቸውን ጆሮአቸው ላይ ሲይዙ አይታችኋል፤ ድምፃቸውን ወደ ራሳቸው ለመመለስ ነው። ገበሬው ያለ ትምህርት ቤት የገባውን ነገር እኛ በዲግሪ አጣነው።

ጊዜም ወሳኝ ነው። ከሳጥኗ የምትሰማው በዚያው ቅጽበት ነው። በኢንተርኔት ተቀባይ የራስህን ድምፅ ብትሰማ ግን ዘግይቶ ይመጣል፤ እያወራህ ድምፅህ በሰከንድ አንድ አምስተኛ ያህል ዘግይቶ ጆሮህ ውስጥ ሲገባ ምላስህ ይተሳሰራል፣ ትንተባተባለህ። ዘግይቶ የመጣ መስማት ያደናግራል እንጂ አያርምም። ጦርነት ካለቀ በኋላ የሚቋቋም አጣሪ ኮሚሽን ያስፈልጋል፤ ነገር ግን በንግግሩ ሰዓት የሚሰማ ጆሮ ቢኖር ኖሮ ስንቱ ባላስፈለገ!

የተዋስነው ጆሮ

አገራችን አንድ ጊዜ የራሷን ድምፅ የምትሰማበት ጆሮ ነበራት። ግን የውሰት ነበር።

የዶይቸ ቬለ የአማርኛ ስርጭት እ.ኤ.አ. ከ1965፣ የአሜሪካ ድምፅ ደግሞ ከ1982 ጀምሮ ነበሩ። በደርግ ጊዜ ልጅ ነበርኩ፤ አባቴ ማታ ራዲዮውን ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ ድምፁን አሳንሶ ያዳምጥ ነበር። የሚገርመው ስለ ሩቅ አገር አልነበረም የሚሰማው። ከእኛ ከተማ የአንድ ቀን መንገድ የማይርቅ ቦታ የሆነውን ነገር ከዋሽንግተን ነበር የሚሰማው። የእኛ ድምፅ ወጥቶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ተመልሶ ይመጣልን ነበር። ጣቢያዎቹ የራሳቸው ዓላማና የራሳቸው ጉድለት ነበራቸው፤ ቢሆንም ከአንቴናው ወዲያ የቆሙ ጆሮዎች ነበሩ።

በመጋቢት 2002 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የአሜሪካ ድምፅን የአማርኛ ስርጭት የማፈን ሙከራ እንደነበረ በይፋ ተናገሩ፤ ጣቢያውንም ከሩዋንዳው ሚል ኮሊን ራዲዮ ጋር አነጻጸሩት። ስለ ጣቢያው የፈለጋችሁትን አስቡ። እኔ የምለው ያ አፈና ሕዝቡን ብቻ እንዳላደነቆረ ነው፤ መንግሥቱም ራሱን ከውጭ የሚሰማበትን ማዳመጫ ከጆሮው ነቀለ። በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት ራሱ ባወጣው ትእዛዝ ሠራተኞቹ ወደ ቤታቸው ተላኩና እ.ኤ.አ. ከ1942 ጀምሮ ይናገር የነበረው ጣቢያ ዝም አለ፤ የአማርኛው ክፍልም አብሮ። ማንም አላፈነውም፤ ባለቤቱ ዕቃውን ወሰደ። የተዋሱት ጆሮ ባለቤቱ ሲፈልገው ይመለሳል።

ስለዚህ የቆርቆሮዋ ነገር ቀልድ አይደለም። በእጅ የተሠራች፣ ርካሽ፣ የራስ የሆነች ጆሮ ማለት ናት።

ሁለት ተቃውሞዎች

አንደኛው፦ “ተቺ ጠፍቶ ነው እንዴ? በየኮሜንቱ ስድብ ሞልቷል፤ መስማት እንጂ ምን ጎደለን?” ስድብ ሞኒተር አይደለም። ስድብ በአንተው ሞገድ ላይ የተከፈተ ሌላ አስተላላፊ ነው፤ ጫጫታውን ይጨምራል። ሞኒተር አስተያየት የለውም። ያልከውን ራሱን፣ አንተ እንዳሰብከው ሳይሆን እንደወጣው አድርጎ ይመልስልሃል። ፍርዱን የምትሰጠው አንተው ነህ። ለዚህም ነው የማያስቆጣው።

ሁለተኛው ከበድ ይላል፦ “ሰላም በራቀው አገር ለግለሰብ አስተላላፊ ይፈቀዳል ወይ?” ስጋቱ ይገባኛል። አሜሪካም በሁለቱም የዓለም ጦርነቶች አማተሮቿን ዝም አሰኝታለች። ነገር ግን ጦርነቶቹ ሲያበቁ መልሳ ከፈተችላቸው፤ ቀድሞውንም የሚከፈትላቸው አማተሮች ስለነበሩ። ለክፉ ሥራ የሚፈልገው ሰው ደግሞ ፈተና ወስዶ፣ ስሙን አስመዝግቦ፣ በየ10 ደቂቃው መለያውን እየተናገረ፣ ያለ ምስጢር ኮድ አያወራም። ሕጋዊ አማተር በአገር ውስጥ ካሉ ተናጋሪዎች ሁሉ ግልጹ ነው። ጎርፍ ወይም የመሬት መንቀጥቀጥ መጥቶ የስልክ ምሰሶው ሲወድቅ ደግሞ በየከተማው አንድ እንኳ የሠለጠነ አማተር መኖሩና አለመኖሩ ትልቅ ልዩነት አለው።

ምን ይደረግ?

አራት ነገር እላለሁ።

አንድ፦ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሳይንስ ክበባት ይቺን ሳጥን ይሥሩ። እሷ ራሷ ምንም አታስተላልፍም፤ ትሰማለች እንጂ። ሽቦዋን ረዘም አድርጎ መሬት ካገናኟትና ጣቢያ መምረጫ ካከሉባት አቅራቢያ ያለን ጠንካራ የመካከለኛ ሞገድ ጣቢያ የምትቀበል ራዲዮ ትሆናለች፤ ያለ ባትሪ። ዕቃው ከተበላሸ ራዲዮ ውስጥ ይነቀላል። መርካቶ ያለ ራዲዮ ጠጋኝ መሳቢያ ውስጥ የአንድ ክፍል ተማሪ የሚበቃ ዕቃ አለ። ድምፅ ከሞገድ ውስጥ እንዴት እንደሚወጣ በእጁ የነካ ልጅ ስለ “ጠላት ሞገድ” የሚነገረውን ሁሉ ዝም ብሎ አይቀበልም።

ሁለት፦ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት የአማተር ፈተናና ፈቃድ ከ5 ኪሎ ግቢ አልፎ ወደ ባሕር ዳር፣ መቀሌ፣ ጅማ፣ ሐዋሳ የሚደርስበትን መንገድ ያመቻች። ፈተናው ልጆቹ በሚያስቡበት ቋንቋ ይሁን።

ሦስት፦ ሚዲያዎች፣ የመንግሥትም የግልም፣ ከአየሩ የምትቀዳ ሽቦ ይዘርጉ። በሳምንት አንድ ቀን ከከተማ ውጭ ላሉ አምስት አድማጮች ይደወል። “ወደዳችሁት?” ብሎ መጠየቅ የለም፤ መልሱ 59 ነውና። “ትናንት ምን ብለን ነበር? እስቲ በራሳችሁ አነጋገር ንገሩን” ይባል። ከአምስቱ ሦስቱ ያላላችሁትን ከነገሯችሁ ብልሽቱ ከእነሱ ጆሮ አይደለም።

አራት፦ እኔና እናንተ። ትልቅ ነገር ልንለጥፍ ስንል መጀመሪያ ከእኛ ጋር ለማይስማማ አንድ ሰው እንላክለት። ሁላችንም አንድ አለን፤ የአጎት ልጅ፣ የድሮ የክፍል ጓደኛ፣ ከሌላ ብሔር ያገባች እህት። “ትስማማለህ ወይ?” አንበለው፤ ክርክር ይሆናል። “ምን አልኩ?” እንበለው። የሚመልስልን ነገር ያስደነግጠን ይሆናል። ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው አንዲት ቁልፍ ሩብ ዙር መመለስ ነው።

የትግራዩ ባልደረባዬ ከብዙ ወራት በኋላ የእናቱን ድምፅ ሲሰማ መጀመሪያ የጠየቀችው ጥያቄ “ይሰማል?” የሚል እንደነበር ነግሮኛል። ከሰላምታ በፊት፣ ከ“እንዴት ነህ” በፊት። የእኔዋም እናት ስልኩ በገባ ቁጥር የምትጀምረው በዚሁ ነው። ሁለት ሴቶች፣ ሁለት ቋንቋ፣ አንድ ጥያቄ። ከአደባባይ ተናጋሪዎቻችን ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ አላገኘሁም።

በአማተሮች ልማድ ስንብት “73” ይባላል፤ ከቴሌግራፍ ዘመን የወረደ ነው፣ መልካም ምኞት ማለት። ለእናንተም 73። ዛሬ ኮሜንት ላይ “ወደድኩት” ወይም “ጠላሁት” አትበሉኝ። ምን እንዳልኩ ጻፉልኝ።